በካልሲ የጠቀለልኩት አምፖል

ውድ ወንድሜ ተማሪው፣

«ውድ» ያልኩህ መምህርቷ ደብዳቤ እንዲህ ይጀመራል ስላለችን ነው። ከልቤ መሆን አለመሆኑን ስጨርስ እናያለን።

የማን እጅ ጽሑፍ ነው ብለህ አትጨነቅ፤ የራሴ ነው። በስልሳ አንድ ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ። ከሰዓት በኋላ ከአንዲት ልብስ ሰፊና ከአንድ ዘበኛ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው የተማርኩት። ቤታችን ውስጥ «ተማሪው» የሚለው ስም ለአንተ ብቻ የተሰጠ ነበር። አሁን ሁለት ሆነናል።

ልጅህ ባለፈው ሳምንት ደውላ ነበር። ጠበብ ያለ ቤት ልትገቡ ነው አለችኝ። «አባዬ ያንን ዕቃ ቤት ውስጥ አንሶላ ለብሶ የቆመውን የፎቶ ማጉያ እንጣለው ስንለው በስንት ልመና እሺ አለ። በወሩ መጨረሻ መጥተው ይወስዱታል» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ስልኩን ዘግቼ እስክሪብቶ ፍለጋ ገባሁ። ማሽኑን እንዳትጥለው። ምክንያቱን እነግርሃለሁ፤ ግን ከሥሩ ካልጀመርኩ አይሆንልኝም።

የፎቶ ቤታችን ሰሌዳ ላይ የአንተ ስም ብቻ ነበር። ደንበኛ አስቀምጠህ «አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዘና» የምትለው አንተ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ጨለማ ክፍል ውስጥ የማጥበው እኔ። ኔጋቲቩን ማጉያው ውስጥ አስገብቼ ብርሃኑን ወረቀቱ ላይ ለቅቄ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ስምንት ላይ አጠፋለሁ። ሰዓት አስፈልጎኝ አያውቅም። አንተ ደግሞ ከውጭ ሆነህ «እትዬ፣ ዛሬም ጸሎት ጀመርሽ?» እያልክ ደንበኛ ታስቅብኛለህ። የሙሽሮቹ ፊት ጥርት ብሎ ሲወጣ ግን «እጅህ ይባረክ» የሚባለው አንተ ነህ። «የእሷ እጅ ነው» ያልክበት አንድ ቀን የለም። አስቤ አስቤ አጣሁ።

ከዚያ የውጭ አገሩ ነገር መጣ። ማጉያውን ይዤ እሄዳለሁ ስትል «እኔስ በምን ልሥራ?» አልኩህ።

«ለአንቺ ምን ያደርግልሻል እትዬ? የተጻፈበትን ቁጥር እንኳ አታነቢም።»

ገመዱን እየጠቀለልክ፣ ቀና ሳትል ነው ያልከው። አንተ ረስተኸው ይሆናል።

በማግስቱ ሻንጣ ልትገዛ ስትወጣ ጨለማ ክፍል ገባሁ። የማጉያውን ደህና አምፖል ፈታሁና አሮጌውን ከተትኩበት። ታስታውሰዋለህ፤ መስተዋቱ ጠቁሮ ስምንቱን ሰከንድ አሥራ ሁለት ስላደረገብን ያወጣነውን። ደህናውን በአባባ ካልሲ ጠቅልዬ ሣጥኔ ውስጥ ደበቅኩት። ይኸው፣ ተናገርኩት።

ደብዳቤህ በሦስተኛው ወር መጣ። ያን ጊዜ የምታነብልኝ የመድኃኒት ቤቷ ሻጭ ነበረች። ሰው ተሰልፎ እያለ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው። «እትዬ፣ ማሽኑን ምን እንደነካው እንጃ። ብርሃኑ እንደ ሻማ ቀልቷል። በስምንት ሰከንድ ይወጣ የነበረው ፎቶ ሦስት ደቂቃ ይፈጅብኛል። የዚህ አገር አምፖል አንገቱ አይገጥምለትም። እባክሽ አንድ ፈልገሽ ላኪልኝ።»

«እና ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» አለችኝ።

«የለም በይው።»

ቀጥሎ የመጣችው ደብዳቤ አጭር ነበረች። «ነካክተሽዋል። በምቀኝነትሽ ጉሮሮዬን ዘጋሽው።» ሴትየዋ አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። መልስ አላጻፍኩም። እውነትህን ነው ብዬ ስላመንኩ ምን ልመልስልህ? ፎቶውን ትቶ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይሸከማል ሲሉኝም፣ ከሙያው ያስወጣሁት እኔ ነኝ ብዬ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ። «ይበለው» ያልኩበትም ቀን አለ። አልዋሽህም።

ዘንድሮ ማንበብ ስችል ቤት ውስጥ ያልተነበበ ነገር አልተረፈም፤ የሳሙናው ወረቀት፣ የክብሪቱ ቀፎ፣ የብርድ ልብሱ ጠርዝ። በመጨረሻ ካልሲውን ፈታሁ። የአምፖሉ አንገት ላይ በደቃቁ 220፣ ቀጥሎ 150 ይላል። ይዤው ሬዲዮ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ፤ የብርሃኑን መቅላት፣ ስምንቱ ሰከንድ ሦስት ደቂቃ መሆኑን ነገርኩት፤ ያለህበትንም አገር ነገርኩት። ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«እማማ፣ እዚያ አገር ከግድግዳው የሚወጣው መቶ አሥር ቮልት ነው። የእኛ ሁለት መቶ ሃያ። የእኛን ማሽን እዚያ መሰካት ግማሽ ምሳ የበላ ሰው እንደ ማሠራት ነው። ይቆማል እንጂ አያነሳም።»

«አምፖሉ ደህና ቢሆን ኖሮስ?»

«አዲስ ቢሆንም ሁለት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል።»

«ሆን ተብሎ አሮጌ ቢገባበትስ?»

«ምነው እማማ፣ እኔ የንስሐ አባት መሰልኩዎት?»

መንገዱን ሁሉ እያሰላሁ ተመለስኩ። የእኔ ክፋት እዚህ ቤት አራት ሰከንድ ነበር፤ እዚያ ቢበዛ አንድ ደቂቃ። የቀረውን ያደረገው የግድግዳው ኤሌክትሪክ ነው። ቁጥሩ እኮ ማሽኑም ላይ አለ፤ ገመዱ የሚገባበት ቦታ ላይ ያለችው ትንሽ ቆርቆሮ። እኔ አላነበብኩትም፤ አልችልም ነበር። አንተስ?

አሁን ስማኝ። ትራንስፎርመር የሚባል ሣጥን አለ፤ ጡብ ያክላል፤ እንደ ጡብም ይከብዳል። መቶ አሥሩን ሁለት መቶ ሃያ የሚያደርገውን ግዛ። አምፖሉ መቶ ሃምሳ ዋት ስለሚበላ ሦስት መቶ የሚችል ይሁን ብሎሃል ጠጋኙ። ሣጥኑን ግድግዳው ላይ ሰካ፤ ማጉያውን ሣጥኑ ላይ። ሳታነብ ግን ምንም እንዳትሰካ።

ደህናውን አምፖል ወደ እናንተ አገር የምትመጣ አንዲት የሰፈራችን ነርስ ይዛልሃለች። አሮጌውን አውጥተህ እሱን ክተት። የተጠቀለለው በዚያው በአባባ ካልሲ ነው። ካልሲውን መልስልኝ።

ይቅርታ የምልህ ለአንዷ ደቂቃ ነው። የቀረው ይቅርታ የአንተ ድርሻ ነው፤ መቼ እንደምትለው አንተ ታውቃለህ። «ውድ» ያልኩህንም ተመልሼ አይቼው አልሰረዝኩትም።

አንድ ፎቶ እጠብና ላክልኝ፤ የፈለግከውን። ብርሃኑን ስትለቅ ሰዓት አትይ፤ እንደ እኔ ቁጠር። ከጀርባው ስንት ላይ እንዳጠፋኸው ጻፍልኝ። መድኃኒት ቤት አልወስደውም፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ ራሴ አነበዋለሁ።

ከመጋረጃው ጀርባ የነበረችው፣
እትዬ