ቅኔና ድጓ በአንድ ሰዓት

ይመኙሻል ባለቤቴ፤

ከቅኔ ቤትም ከድጓ ቤትም በአንድ ቀን አባረሩኝ። ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አልፎ የምጽፍልሽ የመጀመሪያ ወሬ ይህ ሆነ። ከደብራችን የሚሞት ሰው ወዳለሽበት ሲመጣ አጣሞ ሳይነግርሽ ከእኔው ስሚው።

ጣሊያን እዚህ ቅርባችን ቁይ ከተማ ላይ ከሰፈረ ወዲህ ፀሐይ ከገባች በኋላ ከቤቱ የወጣ ሰው ሽፍታ ተብሎ ይተኮስበታል። ቅኔ ደግሞ የማታ ትምህርት እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ተማሪው ቀን ሲያስብበት የዋለውን ማታ ለመምህሩ ይነግራል። ድጓው ጠዋት ነበር። እኔም ጠዋት ዜማውን፣ ማታ ቅኔውን እያልሁ ሁለቱን አስማምቼ ይዤ ነበር። አሁን የቅኔው መምህር ትምህርቱን ወደ ጠዋት አመጡት፤ ልክ ድጓው በሚነገርበት ሰዓት።

ከሰዓት በኋላ ያድርጉት ብዬ ለመንኋቸው። «ከሰዓት ተማሪው ቁራሹን ይለምናል፤ ተርቦ ቅኔ ይቁጠር?» አሉኝ። ስለዚህ አንድ ቀን እዚህ፣ አንድ ቀን እዚያ ማለት ጀመርሁ። የትናንቱን ያልያዘ ሰው የዛሬውን ዜማ አይከተልም፤ እኔን ሲጠብቁ ሌሎቹ ወደ ኋላ ቀሩ። መምህራኑ ተላልከው አንዱን ይምረጡ አሉኝ። አልመርጥም ብል ሁለቱም ይውጡልን አሉኝ። የድጓው መምህር በዕድሜ ልጄ ይሆናል። «አያ፣ ዕድሜዎ ለአንዱም አይበቃ፤ ሁለቱን ምን ሊያደርጉት ነው?» አለኝ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። አጎዛዬን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ምን እንደማደርገው አልነገርኋቸውም። አንቺ ግን ማወቅ ይገባሻል። ተዝካርሽን እስካሁን ያላወጣሁት ጎረቤት እንደሚያማኝ እህል አጥቼ አይደለም። በዚያ ቀን ስለ አንቺ የሚባለው ቅኔ ከእኔ እንዲወጣ ነው የምፈልግ። ቅኔውን ብቻ ብማር ድምፁ የሌላ ሰው ይሆናል፤ ዜማውን ብቻ ብማር ቃሉ የሌላ ሰው ይሆናል። አንቺን የማያውቅ ሰው ምን ሊል ነው? እንደ ልማዱ ከሣራ ጋር አመሳስሎሽ ያልፋል። ሣራ ግን ወንፊት አልወረወረችብኝም።

ማንም ሳያስተምረኝ ፊደል ስለይ ቀኔን የምትከፍይልኝ አንቺ ነበርሽ። ፀሐይ ደጃፉን እስክትረግጥ ንባብ፣ ከዚያ በኋላ ዜማ። በአንዱ ላይ ስቸከል ከማጀት ሆነሽ «አንተ ሰው፣ ዛሬም እዚያው ነህ? ተነሣ ወደ ሌላው!» ትዪኝ ነበር፤ አልሰማ ስል ወንፊቱ ይመጣል። አንዱን ተው ብለሽኝ ግን አታውቂም።

አሁን ቀኔን የሚከፍልልኝ እርሻው ነው። ወዲያ ስሄድ ድጓውን እላለሁ፣ ወዲህ ስመለስ ቅኔውን አወጣለሁ። ቀኙ በሬ ለምዶት ቃል ሲጠፋኝ እሱም ይቆማል። የጉንደ ወይን ገበያተኛ ሲያልፍ ሽማግሌው አብዷል ይላል፤ ይበል።

እህሉ ሲገባ ተዝካርሽን በጠራራ ፀሐይ አወጣለሁ። ሁለቱንም መምህራን ጠርቼ ከፊት አስቀምጣቸዋለሁ፤ የጠላ ዋንጫቸውን ይዘው ይሰሙኛል። በቅኔዬ ውስጥ ሣራ የለችም፤ ወንፊቱ አለ። ከዚያም በኋላ እርፍ በጨበጥሁ ቁጥር ስምሽ ከአፌ አይጠፋም።

ስለ መባረሬ ግን ይኸው ነገርሁሽ። ከእንግዲህ ለሰውም፣ ለአንቺም ደግሜ አላነሣውም።

ባልሽ