ግማሽ ቤትና ሙሉ ጽዋ

ሚያዝያ 28

አልፈርምም አለች። ዛሬም። «አልፈርምም» የምትልበት ድምፅ «ወጡ ጨው አንሶታል» ከምትልበት ጋር አንድ ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ነገሩን ለታሪክ ልመዝግበው። አባታችን የልደታውን ቤት ለእኔና ለታላቅ እህቴ ለእትዬ በላይነሽ እኩል አወረሱን። ካርታው ላይ ሁለታችንም አለን፤ ቤቱ ውስጥ ግን ያለችው እሷ ብቻ ናት። እኔና ባለቤቴ ሰብለ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ተከራይተን ነው የምንኖረው። አከራያችን ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ በግንቦት መጨረሻ ልቀቁ ብለውናል። ሰብለ ደግሞ እርጉዝ ናት። ስለዚህ ቤቱ ይሸጥ፣ እንካፈል፣ እኛም ከተማው ዳር አንድ ኮንዶሚኒየም እንግዛ። ንጉሥ ሰለሞንም ቢሆን ለሁለት ክፈሉት ነው ያለው።

ፍርድ ቤት አቆምሻለሁ አልኳት። ፍርድ ቤቱ ከዚያው ቤት በር ወጣ ሲሉ ይታያል።

«ጥሩ፣ ቅርብ ነው» አለች። «ቀጠሮ ያለህ ቀን ምሳህን እዚህ መጥተህ ብላ፤ እዚያ አካባቢ ያለው ምግብ ሆድ ያማል። ሰማህ ማሙሽ?»

አርባ ዓመት አልፎኛል። ማሙሽ እየተባለ ክስ የመሠረተ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሚያዝያ 29

ደላላው ተካ ገዢ አመጣ፤ ባልና ሚስት፣ ጨዋ ሰዎች። እትዬ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀበለቻቸው። አልጮኸችም። መጥፎ ምልክት።

ቤቱን ራሷ አስጎበኘቻቸው። ውሃ የሚጠፋበትን ቀን ነገረቻቸው። የግቢው በር የሚከፈተው ከታች በእግር ሲገፋ መሆኑን አሳየች። የፊተኛው ክፍል ጣሪያ ላይ ስትደርስ ደግሞ በክረምት የትኛው ባልዲ የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚሞላ አስረዳች። አንድም ውሸት የለበትም። ሴትዮዋ በመጨረሻ ሌላዋ ባለቤት ተስማምተው እንደሆነ ጠየቀች።

«ሌላዋ እኔ ነኝ» አለች እትዬ። «አልተስማማሁም። ቁርስ ሳትበሉ ግን አትሄዱም።»

በሉ። ፍርፍሩን አመስግነው ሄዱ። ተካ በር ላይ ቆሞ መጀመሪያ ከእህትህ ጋር ጨርስ፣ የገዢውን ነገር ለእኔ ተወው አለኝ። እሱም ሁለቴ ተጨልፎለታል።

ሚያዝያ 30

ዕቅድ አለኝ።

ነገ ልደታ ናት። የማርያም ማኅበር ተራው እትዬ ቤት ነው። አባታችን ከመሥራቾቹ አንዱ ስለነበሩ የእሳቸው ቦታ ለእኔ ተይዟል ይባላል፤ እግሬ ደርሶ ባያውቅም። እትዬ በምድር ላይ እንቢ የማትላቸው ሰዎች እነዚህ ብቻ ናቸው፤ መምሬ ታደለና ሽማግሎቹ። ስለዚህ፦ በጠዋት መድረስ። አግዳሚ መደርደር። እጅ ማስታጠብ። መምሬ በየዓመቱ በሚያወሩት የጠፋች በቅሎ ቀልድ እንደ አዲስ መሳቅ። ልባቸው ሲለሰልስ ሽማግሌ ሁኑልኝ ማለት።

ሰብለ ተንኮልህ ወደ ራስህ እንዳይዞር አለችኝ። እርግዝና ሰውን ተጠራጣሪ ያደርጋል ብዬ አለፍኩት።

ግንቦት 1

ጉድ ሆኛለሁ።

ሁሉም እንደታቀደው ሄደ። ንፍሮ አዞርኩ፣ እጅ አስታጠብኩ፣ ስለ በቅሎዋ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ ጽዋው የሚነሳበት ሰዓት ደረሰ። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ አንዱ ተነስቶ ጽዋውን ከመምሬ እጅ ይቀበላል፤ የተቀበለ በሚመጣው ወር በቤቱ ይደግሳል። ተቀብሎ መቅረት የለም። ከማርያም ጋር የተገባ ውል ይግባኝ የለውም።

«የሰኔን ማን ያነሳል?» አሉ መምሬ።

ኑሮው እንደምናውቀው ነው፤ ሁሉም ጫማውን ያያል። እኔ ደግሞ ዕድሉ ታየኝ። ጽዋ ያነሳን ሰው የትኛው ሽማግሌ እንቢ ይለዋል? እኔ ብዬ ተነሳሁ። እልልታው ቀለጠ። መምሬ ጽዋውን እጄ ላይ አስቀምጠው የአባቱን ደጅ የማይዘጋ ልጅ ብለው መረቁኝ።

«በዚሁ ቤት ያቆይህ።»

አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ያኔ ነው የገባኝ። በሰኔ የምደግስበት ቤት የለኝም። ያለኝ ልሸጠው የመጣሁት ብቻ ነው። ሽማግሌ ሁኑልኝ የሚለውን ትቼ ንፍሮ ማዞር ቀጠልኩ።

እትዬ አልሳቀችም። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና አባታችን ያስቀምጡት የነበረበት ቦታ አኖረችው። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 2

ተካ ደወለ፤ ገዢዎቹ ሌላ ቤት አግኝተዋል። ትንሽ ቆይታ እትዬ ደወለች፤ ና አለችኝ።

ለጭቅጭቅ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ከትናንት የተረፈውን ዳቦ ለጎረቤት እየቆረሰች ነበር። ቀና ሳትል ተናገረች።

«ማሙሽ፣ ግማሹን ይዤ የት ልግባ? አንድ ቀን ታምሜ ብውል በሬን የሚያንኳኳው ሰው ያለው እዚህ ነው።»

ሰብለስ፣ የሚወለደውስ አልኳት።

«የፊተኛውን ክፍል አጽድቼላችኋለሁ። አከራያችሁ እስኪያስወጧችሁ አትጠብቁ። የሰኔን ድግስ አብረን እናድርስ። ጽዋው ከዚህ ቤት ሲወጣ አሁንም ልሽጥ ካልክ፣ እፈርማለሁ።»

እፈርማለሁ አለች። በጆሮዬ ሰማሁ። አመስግኜ፣ ጉልበቷን ስሜ፣ ለጎረቤት የተቆረሰውን ዳቦ ተሸክሜ በሩን በእግሬ ገፋሁ። እዚያው ቆምኩ።

«እትዬ፣ ሰኔ ላይ የሐምሌን ጽዋ ማን ያነሳል?»

«እኔ ነኛ» አለች። «ሌላ ማን አለ?»

ለሰብለ ሁሉንም ነገርኳት። ተንኮልህ ወደ ራስህ ዞረ አላለችኝም፤ ሆዷን ዳበሰች። ከዚያ የፊተኛው ክፍል ፀሐይ ያገኛል ወይ ብላ ጠየቀች።

ያገኛል አልኳት፣ ጠዋት ጠዋት። ስለ ባልዲዎቹ አልነገርኳትም።