ስድስቱ ቡናማ ጉትቻዎች

ለእህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ተሻለሽ? የልብስ ንጽሕና ቤቱ እንፋሎት አሁንም ያስልሻል? እኔ ከንዴቴ በቀር ደኅና ነኝ። ሰላምታው ይህን ያህል ይበቃል፤ ከዚህ በላይ ብጽፍ ውሸት ይሆናል።

ባለፈው እሑድ ቤትሽ መጥቼ ሳልጠብቅሽ በመሄዴ አኩርፈሻል አሉ። ያኮረፍኩት እኔ ነኝ። የቀሚሴ ጫፍ ተተርትሮ ነበርና መርፌ ፍለጋ የስፌት ሣጥንሽን ከፈትኩ። ከክሮቹ ሥር ስድስት ጥቅሎች አገኘሁ፤ በገዛ እጄ ያሸግኳቸው፣ «ስለመረጡኝ አመሰግናለሁ» ብዬ የጻፍኩባቸው። አንዱም አልተከፈተም።

እስቲ አስቢው። ጅምላ ሻጩ «እኔ ደርዘን አልፈታም» ሲለኝ ሳምንት ሙሉ ደጅ ጠንቼ፣ ከሦስት ዓይነት ጉትቻ ስድስት ስድስት ጥንድ ያስፈታሁት ለምን ነበር? ኦንላይን በከፈትኳት ሱቅ ሰው የትኛውን እንደሚወድ ለማየት ነዋ። ከነጩ ሁለት ተሸጠ፣ ከጥቁሩ አንድ። ቡናማው የእንጨት ጉትቻ በሁለት ቀን አለቀ። ያዘዙት ሦስት ሴቶች ነበሩ። ሦስቱም አብረውሽ ልብስ የሚተኩሱ፣ ያዘዙትም ባንቺ ገንዘብ መሆኑን ያወቅኩት ግን አሁን ነው። አንቺ እንደሆንሽ ጆሮሽ እንኳ አልተበሳም።

ለምን ቡናማውን እንደመረጥሽም አውቃለሁ። «ይሄንን ማንም አይገዛትም፣ ቆንጆ ቆንጆዎቹ ለሰው ይቅሩላት» ብለሽ ነው። ልጆች ሆነን የተቃጠለውን ዳቦ ቀድመሽ ታነሺው እንደነበረው ማለት ነው።

እኔ ደግሞ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የተባለችዋ ሆንኩ። ሰው ቡናማውን የሚሻማ መስሎኝ የመድኃኒት ቤቱን ሥራ ለቀቅኩ። ሃያ ደርዘን ቡናማ አመጣሁ። ይኸው ሦስት ወሩ፣ አንድ ጥንድ አልሄደም። ቤት በጠረግሁ ቁጥር መጥረጊያው አልጋዬ ሥር ካለው ካርቶን ጋር ይጋጫል። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት በቦታዬ የእህቱን ልጅ ቀጥሯል። መልሰኝ ብዬ ብጠይቀው «አንቺማ ነጋዴ ሆነሻል» ብሎ ሳቀብኝ። ያ ሳቅ ያንቺ ነው፤ ውሰጂው።

አንድ ጊዜ እንኳ «አይሆንልሽም» ብትይኝ ተጣልተን ይወጣልን ነበር። አንቺ አዘንሽልኝ። ሚዛን ላይ ወጥቼ ስመዘን ከኋላ እጅሽን ጫንሽበት። ደግ ሰው እንዲህ አድርጎ እንደሚጎዳ የማውቀው ካንቺ ነው።

አሁን ስሚኝ። ጅምላ ሻጩን እንደገና ለምኜ ከሌሎች ዓይነቶች ስድስት ስድስት ጥንድ አስፈትቻለሁ። ካንቺ ሰፈር ትእዛዝ ቢመጣ አልልክም፤ ለባልደረቦችሽም ንገሪልኝ። ትናንት የመጀመሪያውን ትእዛዝ ራሴ ወስጄ አደረስኩ። የማላውቃት ሴትዮ ናት። በር ላይ አቁማኝ ከፈተችው፣ አገላበጠችው፣ መቆለፊያው ይላላል አለች፣ ፎቶው ላይ ትልቅ ይመስል ነበር አለች፣ እያጉረመረመች ወሰደችው። ደረጃውን ስወርድ ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። አንቺ ስድስት ጥንድ ገዝተሽ አንዲት ቅሬታ አለማቅረብሽ ያኔውኑ ሊያባንነኝ ይገባ ነበር።

ንዴቴ እስኪበርድልኝ አትምጪ። እግዜር ወገብሽን ይማርልሽ፣ ሳሉን ያንሳልሽ፣ ተጣልቼሽ እስክጠግብም ዕድሜ ይስጥሽ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ጥንድ አለ። አሁን ካመጣኋቸው ዓይነቶች አንዱ ላልተበሳ ጆሮ የሚሆን፣ ቆንጠጥ አድርጎ የሚይዝ ነው። ለምን እንዳመጣሁት አትጠይቂኝ። ይሄኛውን ግን ክፈቺው፤ አድርጊው፤ ከዚያ ጉድለቱን ጻፊልኝ።

ያኮረፈችው ታናሽሽ