በባጃጅ የሚመጣ መብራት

ውድ ወንድሜ ፍቅሬ፣

ትናንት ደውለህ ሐሙስ ሰፈራችን ቡሹሎ እንግዶች ይዘህ እንደምትመጣ ነገርከኝ። የአምፖሉ ባትሪ ቻርጅ ተደርጎ እንዲቆይ፣ እማዬም ስምህ የታተመበትን ቲሸርት እንድትለብስ አዘዝከኝ። እሺ ሳልል ዘጋሁት። መልሴ ይኸው።

አስጠላኸኝ። ለስለስ ያለ ቃል ፈልጌ ነበር፤ አጣሁ።

የጓሯችንን ጅረት ታውቃታለህ። በበጋ ቁርጭምጭሚት አትሸፍንም። አንተ ግን በአሸዋ ጆንያ ገደብካት፣ መብራት ያመነጫል ያልከውን መዘውር ተከልክባት፣ ከሐይቅ ዳር ሆቴሎች እንግዶች አመጣህ። ፓስተሩ ጸለዩ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ እማዬ ቤት አምፖል በራ። አጨበጨብን። ጫማው እንዳይጨቀይ ማንም ወደ ጅረቱ አልወረደም። ያን ቀን አምፖሉን ያበራው መዘውሩ ሳይሆን ከተማ ቻርጅ ተደርጎ የመጣ ባትሪ እንደሆነ የነገረኝ ያመጣው ባለባጃጅ ነው። ለእማዬ አልነገርኳትም።

"ባትሪውን ክረምት እስኪገባ ከተማ አስሞሉት፤ ጆንያውን ግን እንዳትነኩ" ብለህ አዲስ አበባ ገባህ።

ውሃው ቆሞ ሸተተ። አረንጓዴ ቆዳ አበቀለ። ሽታው ቢሮዬ ድረስ ይከተለኛል፤ ወይም ይመስለኛል። አጠገቤ ያለ ሰው አፍንጫውን ሲነካ ልብሴን አሸታለሁ።

እማዬ በየሳምንቱ ባትሪውን እንደ በሽተኛ ደግፋ በባጃጅ ከተማ ትወስደዋለች። ተይው ስላት፣ "ሰው ድንገት መጥቶ ጨለማ ቢያገኝ የወንድምሽ ስም ምን ይሆናል?" አለችኝ።

ከጆንያው በታች የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ጎመን ውሃ አጥቶ ደርቋል። አንድም ቀን አልተናገሩም፤ ስልካቸውን ቻርጅ የሚያደርጉት እማዬ ዘንድ ነዋ። "እሷ እያበራችልኝ እንዴት ውሃዬን ልጠይቃት?" ብለው ሳቁ።

ዛሬ ጠዋት ዶማ ይዤ ወረድኩ። እማዬ ተከተለችኝ። አልከለከለችኝም፤ አላገዘችኝም። ጆንያዎቹን ስቀድ የተኛው ውሃ ተግተልትሎ ወጣ። መዘውሩ ተንቀጠቀጠ፣ ተንቋቋ፣ ዞረ። ጥቂት ዞሮ ቆመ። ውሃው ወደ እትዬ አስካለ ጓሮ ወረደ።

እማዬ መዘውሩን ስታይ ቆየች።

"ያን ቀንም እንዲህ ነበር የዞረው?" አለችኝ።

የተጠየቅከው አንተ ነህ።

ባትሪው ባዶውን በሩ ስር ተቀምጧል፤ ከተማ አይሄድም፤ እሷው ናት ያለችው። ሐሙስ እንግዶችህን እስከ ጅረቱ አውርዳቸው። ጫማቸው ይጨቅይ። እማዬ እዚያ ትጠብቅሃለች፣ በራሷ ቀሚስ።

እህትህ ሩሀማ
ሀዋሳ