ከተማው በሚተኛበት ሰዓት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ዛሬ ሙቀቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀመረ። ስድስት ሰዓት ላይ ሱቁም መሥሪያ ቤቱም ተዘጋ፤ ባጃጁ ሁሉ ጥላ ሥር ገባ። ድሬ ተኛች። እስከ አሥር ሰዓት ማን ይነሣል?

ልጄ ሃሌሉያ ግን አትተኛም። ከምትሠራበት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትመጣለች፣ ቆማ ትበላለች፣ ላፕቶፑን ትከፍታለች። ድረ ገጽ መሥራት እየተማረች ነው፤ ስምንት ወር ሆናት። እኔ ልጆቿን፣ ኪዳነ ምሕረትንና ትንሿን፣ ወደ ክፍሌ አስገብቼ በሩን እዘጋለሁ። ባሏ ሽመክት የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ቤቱን የሚያውቀው እንደ እንግዳ ነው። ታዲያ ከእኔ ሌላ ማን አላት?

ኪዱ ዛሬ «አያቴ፣ እማዬ ለምንድን ነው እንደ ሰው የማትተኛው?» አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «ዝም ብለሽ ተኚ» አልኳት። ጥያቄው ግን ጥሩ ነበር…

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

ለመለማመጃ የሠራችውን ገጽ አሳየችኝ። መነጽሬን አደረግሁ። አንድ የተገደፈ ፊደል፣ አንድ የተንጋደደ ሥዕል፣ ደግሞ ተነክቶ የትም የማይወስድ ቁልፍ።

«እማ፣ ይሄ እኮ ልምምድ ነው።»

«የካቶሊክ ሲስተሮቹ ትምህርት ቤት ልምምድ የሚባል ነገር አልነበረም። ቃለ ጽሕፈት ላይ አንድ ስሕተት ከተገኘ ሃምሳ ጊዜ መጻፍ ነው።»

«ለዚህ ነዋ እስካሁን ሰው ስታርሚ የምትውዪው!»

የሳቅሁ መሰለኝ። ሦስቱንም ከአሥር ሰዓት በፊት አስተካክላ አሳየችኝ። እጇ ፈጣን ነው። አልነገርኳትም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ክሊኒኩ ማስታወቂያ ለጥፏል። ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ካርድ ክፍሉ በዕረፍት ሰዓትም ይሠራል። ፈረቃው የደረሰው ለሃሌሉያ ነው። እስከ ሰኔ ሃያ በጽሑፍ ታሳውቅ… ካልተስማማችስ? ቦታው ለሌላ ሰው ነው።

ከተስማማች ትምህርቱ አለቀ። ጠዋት ሥራ፣ ማታ ልጆች። ያላት ያ ሰዓት ብቻ ነበር።

«ተቀበዪ» አልኳት። «ማኅተም ያለበት ሥራ አይጣልም።»

«ያንቺስ ሥራ ማኅተም አልነበረውም?»

ምድር ባቡር ጽሕፈት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ታይፕ መትቻለሁ። ባቡሩ ሲቆም ማኅተሙ ምን አደረገልኝ? ግን የእሷ ሌላ ነው… ሌላ ነው?

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

እውነተኛ ሥራ አገኘች! ሳቢያን ሰፈር ያለው ባለሱቅ ሐጂ ዐብዲሻኩር። ሩዝ፣ ቴምር፣ ወተት፣ ሳሙና ይሸጣል። ሰው በስልኩ ከድረ ገጹ አዝዞ ዕቃው በባጃጅ ቤቱ ድረስ እንዲሄድለት ይፈልጋል። ገጹ ሳምንት ሙሉ በትክክል ከሠራ የወንድሞቹን ሦስት ሱቆች ይጨምርላታል። የዓመት ሥራ! ካልሠራ… ክሊኒኩ አለ።

ገጹን እኔ አጣራለሁ ብያለሁ። ፊደል በፊደል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ዛሬ ተከፈተ። ጉድ ሆነ።

ሕዝቡ ቤቱ ጋደም ብሎ ስልኩን ሲነካካ አዘዘ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ሠላሳ አንድ ትዕዛዝ። ገጹም ለሁሉም «በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጅዎ ድረስ» ብሎ መለሰ። ማን ያድርስ? ሱቁ ተዘግቷል። ባለባጃጁ ሰማታር ጫቱን ይዞ ፍራሽ ላይ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሐጂ ራሱ መጣ።

«አቦ ሃሌሉያ! ሚስቴ ቀሰቀሰችኝ፣ እናቴ ቀሰቀሰችኝ፣ አንዷ ደግሞ ‹የልጄ ወተት የት ደረሰ?› ትለኛለች። ወላሂ ተኝቻለሁ እኮ!» ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ድሬ ውስጥ ስምንት ሰዓት ላይ የሚሠራ ማን አለ?»

«እሷ» አልኩት።

ሳይወድ ሳቀ። እስከ ሐሙስ ጊዜ ሰጣት።

ዘጠኝ ወር ሙሉ በዚያ ሰዓት ስትሠራ፣ ከተማው የሚተኛ መሆኑን ረሳችው። እኔስ? ያን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ፊደሉ ትክክል ነው ብዬ አሳለፍኩት። ከእሷ ጋር ነቅቼ ነበራ… ስሕተቱ የሁለታችን ነው። ነገርኳት።

አላለቀሰችም። «ሁለት ቀን ይበቃኛል» አለች። አነጋገሯን ወደድኩት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

አንድ ቀን በቃት። በዕረፍት ሰዓት የመጣ ትዕዛዝ ይቆያል፤ አሥር ሰዓት ላይ በየሰፈሩ ተለይቶ ይወጣል።

ለደንበኛው የሚሄደውን መልስ «ይቅርታ እንጠይቃለን» ብላ ጀመረች። ሰረዝኩት። ሰው ስላረፈ ይቅርታ ይጠይቃል? ራሴ አጻፍኳት፣ እንደ ድሮው ቃለ ጽሕፈት፦ «ከተማችን ዐርፏል። ትዕዛዝዎ ተይዟል። አሥር ሰዓት ላይ ይነሣል፤ እርስዎም ይረፉ።»

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ሳምንት ሞላ። አንድም ሰው አልተቆጣም። ሰማታር በር ላይ ጠራኝ።

«እማማ፣ በፊት በስልክ ሲታዘዝ ከከዚራ ሳቢያን፣ ከሳቢያን ከዚራ ስዞር ነበር የምውለው። አሁን አንዴ ዞሬ በቃ! ሚስቴ ግን ‹ጭራሽ እንዲተኛ በጽሑፍ ፈቀዱለት› እያለች ታኮርፋለች።»

«ፈቃዱ እስከ አሥር ሰዓት ነው በላት።»

ሐጂም ቃሉን ጠበቀ። የሦስቱ ሱቆች ውል ተፈረመ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። ሃሌሉያ ሁለት ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። አንዱ ፈረቃውን መቀበያ፣ አንዱ ሥራ መልቀቂያ።

«እማ፣ እይልኝ።»

ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። መቀበያው ቀን የለውም፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ሐሳቡ ተቋርጧል። ልቧ እንዳልነበረበት ያስታውቃል። መልቀቂያው… ምንም። ደግሜ አነበብኩ። ምንም።

ተቀበዪ ያልኩት እኔው ነበርኩ። መልቀቂያውን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት። በገዛ እጄ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የተጣራ ጽሑፍ ነው» አልኳት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ስምንት ሰዓት። ላፕቶፑ ተከድኗል። ሃሌሉያ ልጆቿን ግራና ቀኝ አድርጋ ተኝታለች። ጠዋት ሙሉ የሱቆቹን ገጽ ስትሠራ ቆይታ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ቁጭ ብላ በላች። ሥራው ከዕረፍት በኋላ ይቀጥላል። በዚህ ሰዓት ስትተኛ ሳያት ከመስከረም ወዲህ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ታንኮራፋለች ለካ…

ጠዋት የጀመርኩትን የሳሙና ትዕዛዝ ሳልልከው ረስቼው ነበር፤ አሁን ብልከው ስልኬ ጮኸ፣ ገጹ መለሰልኝ። «…እርስዎም ይረፉ» ይላል።

ስሕተት ፈለግሁበት፤ የለውም። የራሴ ጽሑፍ ነው፤ እንግዲህ መታዘዝ ነው። መነጽሬን አወለቅሁ።