ወንድምህን ሽንት አስይዤ ሐረጎን አወጣሁት

ለእንድሪስ፣ ለውዱ ባሌ፣ «ደህና ነኝ» በማለት ከደሴ እስከ ቢስቲማ ወደር ላልነበረህ፤

አሰላሙ አለይኩም፣ ሆዴ። ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደቆመ ነው። ሱቁን ልጅህ ፋጡማ ይዛዋለች፤ ከአንተ ይልቅ ትስቃለች፣ ከአንተ ይልቅም ትሸጣለች፣ አትቀየማት። ድመትህ መስገጃህ ላይ ካልሆነ አልተኛም ብላለች፤ ሶላት ግን ገና አልጀመረችም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ባለፈው ወር የዒድ ኮትህን ለሰደቃ ልሰጥ ኪሱን ስፈትሽ አንዲት እጥፍ ወረቀት አገኘሁ። የአልትራሳውንድ ውጤት ናት። ከመሞትህ አንድ ዓመት ቀድማ የተጻፈች። ፋጡማ እየተረጎመች አነበበችልኝ፦ ሁለቱም ኩላሊቶች ሽንት አቁረው አብጠዋል፤ የሽንት ፊኛው ባዶ ስለሆነ የቱ ጋ እንደተዘጋ ማየት አልተቻለም፤ ውሃ ጠጥተው ነገ ይመለሱ።

ያኔ ትዝ አለኝ። ከረመዳን በኋላ ያሉትን ስድስቱን የሸዋል ጾም ይዘህ ነበር። ጾመኛ ነኝ ማለት አፍረህ፣ «ውሃ ጠጥቻለሁ» ብለህ አልጋው ላይ ተጋደምክ። ጾሞ የሚዋሽ ሰው፣ ያውም ለአልትራሳውንድ! እቤት ገብተህ ደግሞ «ምንም የለብህም አሉኝ» አልከኝ። እኔ ሞኟ አልሀምዱሊላህ ብዬ የማፍጠሪያ ሾርባህን አቀረብኩ። በማግስቱ አልተመለስክም። ከወራት በኋላ ከእኔ ጋር ስትመለስ ኩላሊትህ ሥጋው አልቆ ልጣጭ ብቻ ቀርቶት ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፍኩህ። ሳታውቀው አትቀርም።

በአራተኛው ቀን ወንድምህ ይመር ከኮምቦልቻ ደወለ። እግሩ አብጧል፤ ሽንቱ ጠብ ጠብ ይላል እንጂ አይወርድም፤ ደሙ ተመርምሮ «ኩላሊትህ ደክሟል፣ ደሴ ሄደህ አልትራሳውንድ ተነሳ» ተብሏል። «ግን ደህና ነኝ፣ አብሽሪ እቴ ዘሀራ» አለኝ። ያቺን ደህና ነኝ አውቃታለሁ፤ የአባታችሁ ውርስ ናት።

ወረቀትህን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩና ፊቱ ዘረጋሁለት። «ወንድሜ ይህን ያውቅ ነበር?» አለ። ያውቅ ነበር አልኩት። ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም። ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ውሃ አስጨልጬ ሚኒባስ ውስጥ ከመስኮቱ ጋር አጣበቅሁት።

ስህተቴን ልንገርህ። ውሃው ደሴ ተደርሶ፣ እሱም በልክ የሚጠጣ ነበር፤ ኋላ ሐኪሙ ተቆጥቶኛል። ደሴ የሚያደርሰው የሐረጎ ዳገት አጋማሽ ላይ ይመርን ላብ አጠመቀው። በየጥምዝዙ «ያ ረህማን!» ይላል። «ወራጅ አለ በይልኝ፣ እቴ!» «የለም፣ ወራጅ የለም።» ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶን «እናቴ፣ ሰውዬው ሊፈነዳ ነው እኮ» አለ። «ይፈንዳ፣ ብቻ ደሴ ደርሶ ይፈንዳ» አልኩት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከወረደ እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ የአንተ ወንድም ነዋ።

ሳይፈነዳ ደሴ ደረስን፤ ሐኪሙ ጎኑን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን አንሸራተተ። ስክሪኑ የሐረጎን ጉም ይመስላል። ሐኪሙ ይለካል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይለካል። በአንተ ጊዜም እንዲሁ ነበር። ይመር የሻርፔን ጫፍ ጨብጧል፤ እኔ ወረቀትህን። የኩላሊቱ ሥጋ ሳስቶ ከሆነ መንገዱ የአንተ መንገድ ነው፤ ካልሳሳ ተስፋ አለ። ይህን ትምህርት የተማርኩት በአንተ ነው፣ ሆዴ።

«አብጠዋል» አለ በመጨረሻ። «የፕሮስቴት እጢው መውጫውን ዘግቶት ሽንቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። ሥጋቸው ግን አልሳሳም። ደርሳችኋል።»

ደርሳችኋል። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሽንቱን በቱቦ ሲያወርዱለት ይመር አለቀሰ፤ ከሕመሙ ነው አለ። ቀዶ ሕክምናውን እየጠበቀ እኛ ቤት ተኝቷል። ደሙ እየጠራ ነው ብለውናል። ድመትህ ግን አልወደደችውም።

ኮትህን ለሰደቃ ሰጠሁ፣ ወረቀትህን አልሰጠሁም። ከወንድምህ ወረቀት ጋር አጥፌ መደርደሪያው ላይ፣ ከቁርአንህ ጎን አኑሬዋለሁ። ሰው ስለ ትዕግሥትህ ሲያወራ እኔ ስለ ውሸትህ አወራለሁ፤ ከእናንተ ወገን አንድ ወንድ ደህና ነኝ ባለ ቁጥር ስምህን ጠርቼ ወረቀትህን እዘረጋለሁ። አልረሳህም፣ ማንንም አላስረሳም።

ነገ ይመለሱ ያሉህን ቀጠሮም አትጨነቅበት። ወንድምህ በአንተ ፋንታ፣ ፊኛው ሞልቶ፣ ሄዶልሃል።

ዘሀራህ