ሰሌዳው ላይ ያልጎደለው ቁልፍ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

ቁጣሽን ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ለምፈራው ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ትምህርቱስ? መቼም እንቅልፍ የሚባል ነገር አለማወቅን ከማን እንደወረስሽው አውቃለሁ። እኛ ደህና ነን። ባልሽም ደህና ነው። ይህን መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት አውቄ ነው፤ የሚቀጥለውን ስታነቢ ልብሽ እንዳይቆም።

ሐሙስ ዕለት ፕሮቶን የሚያጋጨው ማሽናችን ለአርባ ደቂቃ ቆሞ ነበር። አንድ ገመድ ላልቶ የግጭቱን ምልክት ስላበላሸብን እኔና ባልሽ ማሽኑ ወዳለበት የመሬት ውስጥ ዋሻ ወረድን። ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ፣ በልጅነትሽ ስንቴ አሰልችቼሻለሁ። የሚገባ ሁሉ ቁልፎቹ ከተሰቀሉበት ሰሌዳ ላይ አንድ ቁልፍ ይወስዳል፣ ሲወጣ መልሶ ይሰቅላል። አንድ እንኳ ከጎደለ ማሽኑ አይነሳም። ፕሮቶኖቹ መጋጨት ሲጀምሩ እዚያ ውስጥ የተገኘ ሰው ከጨረሩ አይተርፍም።

እኔ ቁልፌን ወሰድኩ። እሱ ግን ስሙ እስኪመዘገብ መጠበቅ ነበረበት።

«ና ግባ! ለአንድ ገመድ ቀኑን ሙሉ ልንቆም ነው እንዴ?» አልኩት፣ በሩን በትከሻዬ ይዤ።

«ኧረ አባባ፣ ቁልፍ አልያዝኩም እኮ።»

«የኔ ለሁለታችን ይበቃል።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላውን ስቆጣበት የኖርኩትን ጥፋት በገዛ አፌ አዘዝኩት። ጭምት ነው፣ አማቱን አይከራከርም።

ገመዱን አጠበቅን። እሱ ከመሣሪያው ጀርባ ያለውን ማያያዣ ልይ ብሎ ቀረ። እኔ ስለ ምልክቱ እያሰላሰልኩ ወጣሁ፣ ቁልፌን ሰቀልኩ፣ ሻይ ቀዳሁ። ሰሌዳው ሞልቷል።

«ፕሮፌሰር፣ ላስነሳው ነው። ውስጥ የቀረ ሰው አለ?» አለች የማሽኑ ተቆጣጣሪ።

«ማንም የለም» አልኳት። ልጄ፣ እንዲህ ነው ያልኩት። አልዋሸሁም፤ ጭራሽ ከሐሳቤ ወጥቶ ነበር። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

ማስጠንቀቂያው መጮኽ ጀመረ። አንድ ደቂቃ ይጮኻል። እኔ ሻዬን እየጠጣሁ ነበር። ድንገት ጩኸቱ ቆመ፤ ተቆጣጣሪዋ ከወንበሯ ተነስታ «ውስጥ ሰው አለ! የአደጋ ማቆሚያውን መታው!» አለች። ዘጠኝ ሰከንድ ነበር የቀረው።

ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ እኔ እንኳ ሳያይ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቁልፍ መውሰድ ረስቼ ተከትያቸው ገባሁ» አላት። ዝም አልኩ። በመኪና ስንመለስ «አባባ፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ነው የቀረዎት፣ ስምዎ አይበላሽ። እሷም ትጨነቃለች፣ አይንገሯት» አለኝ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ዛሬ አራት ሰዓት ላይ አጣሪ ኮሚቴው ይሰበሰባል። ባልሽ ረስቼ ነው ካለ ዳግመኛ ዋሻ ውስጥ አይገባም፤ ከሥራ ሊያሰናብቱትም ይችላሉ። ከሐሙስ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። በር ሲዘጋ እደነግጣለሁ። ትናንት ሊፍቱ ውስጥ ደወል ሲጮኽ ግድግዳውን ይዤ ቀረሁ፣ ጎረቤቴ ደግፋ አወጣችኝ። «ስኳር ይሆናል» አለችኝ፤ ይሆናል አልኳት። ፈርቻለሁ ልጄ። ኮሚቴውን ፈርቻለሁ፣ ለስሜ ፈርቻለሁ። ከሁሉ በላይ ግን አንቺን። በስልክ «አባዬ» ስትይኝ ድምፅሽ እንዳይለወጥብኝ።

በየቀኑ ዛሬስ እናገራለሁ እያልኩ አለቃዬ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ኮሚቴው ፊትም ምላሴ እንደማይታሰር ምንም ዋስትና የለኝም። ስለዚህ ይህን ወረቀት ፎቶ አንስቼ አሁኑኑ እልክልሻለሁ፣ ከዚያ ወደ ስብሰባው እገባለሁ። አንቺ እያወቅሽው መዋሸት አልችልም።

አምላክ ያንቺንም የእሱንም ዕድሜ ያርዝመው፤ ከኔም ቸልተኝነት ይጠብቃችሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ መጀመሪያ ለእሱ ደውዪለት። ስልኬን ከፍቼ እጠብቃለሁ፤ ባትደውዪም አልቀየምሽም።

ከፈቀድሽልኝ፣
አባትሽ